የስድስት ቁጥር ከረጢት

ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሊትር ፈሳሽ በግንበኛው ደም ሥር ገብቷል፤ አንድ ጠብታ ሽንት ግን አልወጣውም። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ጥሎታል። ፈሳሹን ካበዛንበት ልቡ አይችለውም፣ ካሳነስንበት ግፊቱ ይብስበታል።

«ሲስተር፣ የመዘገብሽው ልክ አይደለም» አለኝ ዶክተሩ፣ በአልትራሳውንድ ልቡን እያየ። «ሳንባው ደረቅ ነው፣ እግሩ አላበጠም፣ ልቡም ባዶውን ነው የሚመታው። ታዲያ ሦስት ሊትር የት ገባ?»

«እኔ ጠጣሁታ!» አልኩት፣ ደሜ ፈልቶ። «ራሴ ሰቅዬ፣ ራሴ አይደለሁ ባዶውን ያወረድኩት?»

የግንበኛው ታላቅ እህት ከራስጌው ሆና፣ «ኧረ ተዉ፣ እሱ ውሃ ጠማኝ እያለ ነው» አለች።

አራተኛውን ሊትር ሰቀልኩ። ሦስታችንም ቆመን እስኪያልቅ አየነው። ግፊቱ ንቅንቅ አላለም። ቱቦውን ዳበስኩ፣ አንሶላውን ገለጥኩ፤ የፈሰሰ ነገር የለም።

ንዴቴን የምወጣበት ሳጣ ዓይኔ አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ ወደቀ። ስድስት ቁጥር ላይ የነበሩት ሽማግሌ ትናንት አርፈዋል፤ የሽንት ከረጢታቸው ግን እስካሁን አልተነሳም። ጠዋት ባዶውን ተንጠልጥሎ አይቼው፣ «አንሱት» ብዬ ነበር። በዚህ ቤት ሰሚ የለም! እያጉረመረምኩ ላነሳው ጎንበስ አልኩ።

የቱቦው ጫፍ ባዶው ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ከረጢቱ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ያዝኩት። ይሞቃል።