ቱርጁማኑ ዝም ያለ ዕለት

«ከወንበርሽ ተነስተሻል ወይስ አልተነሳሽም? አንድ ቃል ነው የምጠይቅሽ» አሉ ዳይሬክተሩ።

ሽቦ ቀና አላለም። ከነርሶቹ ጠረጴዛ ጀርባ፣ የኔትወርክ ካቢኔው ሥር ተንበርክኮ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር እያገናኘ ነበር። ሽቦ ያሰኘው ቅጥነቱ ይሁን ሥራው ማንም አያስታውስም፤ በሆስፒታሉ ውስጥ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም።

«አልተነሳሁም ዶክተር» አለች ነርሷ። «ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሰባት ቁጥርም አረንጓዴ ነበር።»

«ሰውየው ሞቶ አረንጓዴ?»

አልጋ ሰባት ላይ የተኙት ጡረተኛ ሹፌር ዛሬ ረፋድ ልባቸው ቆሞ ሲገኙ ገላቸው ቀዝቅዞ ነበር። ያገኘቻቸውም እሷው ናት፣ መድኃኒታቸውን ይዛ ስትገባ። አሁን አስከሬኑ ወጥቶ አንሶላው ተገፏል።

ሽቦ የላፕቶፑን ገጽ አየ። የትርጉሙ ሰንጠረዥ ባዶ ነው።

የታማሚውን የልብ ምት የሚከታተሉት የአልጋ ዳር ማሽኖች አሮጌ ናቸው፤ የሚያውቁት የድሮውን የኢንተርኔት አድራሻ፣ አራተኛውን ስሪት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የገባው የነርሶቹ ስክሪን ደግሞ ከስድስተኛው ስሪት በቀር አይገባውም። መሀል ገብቶ የአንዱን ለሌላው የሚተረጉመው ይሄ ራውተር ነው፤ ቱርጁማን ብሎ የሰየመውም ሽቦ ራሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ትዕዛዙን መስመር በመስመር ጻፈለት። ሠራ፤ ተጨበጨበለት። አንድ ቃል ብቻ ቀረው፤ «አስቀምጥ» የምትለዋ። እሷን ሳይጽፍ ዳይሬክተሩ ደወሉ፤ ፕሪንተራቸው ወረቀት ነክሶ ይዞ ኖሯል። ስመለስ እጽፋታለሁ ብሎ ሄደ፣ ረሳትም። ያልተቀመጠ ትዕዛዝ ዕድሜው መብራት እስኪጠፋ ነው።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ጠፍቶ መጣ። ማሽኖቹም ስክሪኑም ባትሪ ስላላቸው ንቅንቅ አላሉም። ባትሪ የሌለው ራውተር ግን ጠፍቶ ሲነሳ ሁለቱንም ቋንቋ ረስቶ ተነሳ። ስክሪኑ መጨረሻ ያየውን አረንጓዴ ይዞ ቀረ። ታማሚ እንዳይረብሽ ተብሎ የአልጋ ዳር ማሽኖቹ ድምፅ የተዘጋ ነው። አልጋ ሰባት ሲጣራ የሰማው ፍጡር አልነበረም።

የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ አለ ሽቦ በልቡ።

«ቦታዬን ለቅቄ ነበር ብለሽ ፈርሚ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ወረቀቱን ወደ ነርሷ እየገፉ። «እዚሁ በእኛው ያልቃል። አልፈርምም ካልሽ ነገሩ ወደ ፖሊስ ነው የሚሄደው።»

«ያላደረግኩትን?»

«ታዲያ ማን አደረገው፣ ማሽኑ? አንተ ሽቦ፣ ማሽኑ ችግር አለበት?»

«እያየሁት ነው ዶክተር» አለ ሽቦ።

«ምኑን ነው የምታየው? ሁልጊዜ እኛን እንደምትለን አጥፍተህ አብራቸዋ! ሁሉንም!»

በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር። ዳይሬክተሩ የሚሉትን አላወቁትም። ማሽኖቹ ሰሚ ያላገኘ ጥሪያቸውን ከነሰዓቱ ይዘው ይቆያሉ፤ መንገድ ሲከፈትላቸው ይልኩታል። አጥፍቶ ቢያበራቸው ግን ሁሉም ድራሹ ይጠፋል። ከሽቦ የሚጠበቀው የአለቃውን ትዕዛዝ መፈጸም ብቻ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሚስቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እጁ ላፕቶፑ ላይ ወዳለው የማሽኖቹ ማጥፊያ ሄደ።

ነርሷ እስክሪብቶ አነሳች። የሽቦ አባት እዚሁ ተኝተው በነበረ ጊዜ ማንም ሳያዛት ጢማቸውን ትላጫቸው የነበረች ሴት ናት። ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረች።

«ሽቦ፣ ወንድሜ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆን እንዴ?» አለችው። የምሯን ነበር የምትጠይቀው። «ሳላውቀው ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል፤ አይደል? እንደዚያ ካልሆነ እንዴት ሳልሰማቸው ቀረሁ?»

ሽቦ ከመሬት እንዳለ አያት። እሱ በረሳት አንድ ቃል ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትከስ ልትኖር ነው። አፈረ። ማፈሩ ፍርሃቱን አላጠፋለትም፤ እጁ ግን ከማጥፊያው ላይ ተነሳ።

«አልተኛሽም ሲስተር። አትፈርሚ።»

«ምን አልክ አንተ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ሽቦ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። የሐሙሱን መስመሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። ሁለቴ ተሳስቶ ሁለቴ እያጠፋ ጻፋቸው። በመጨረሻም «አስቀምጥ» ብሎ ጻፈና አስገባው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ስክሪኑ ቀላና መጮህ ጀመረ። አልጋ ሰባት። አልጋ ሰባት። አልጋ ሰባት። አንዱ ጥሪ ሳያልቅ ሌላው ከላዩ ላይ ይመጣል። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ከእያንዳንዱ ጥሪ ጎን ሰዓቱ ተጽፏል፤ ሦስት ከአሥራ አንድ፣ ሦስት ከአሥራ ሁለት፣ ሦስት ከአሥራ ሦስት። ቀስ ብለው ወደ ሽቦ ዞሩ።

ነርሷ ሰዓቱን አላየችም። ድምፁን እንደሰማች እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ፤ ጓንት ከሳጥኑ መንጭቃ ወደ ሰባት ቁጥር መሮጥ ጀመረች።

«ሲስተር!» ብሎ ጮኸ ሽቦ። «ሲስተር፣ የቅድሙ ነው!»

አልሰማችውም። ኮሪደሩ ላይ የሟች ባላቸውን ጫማ ታቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ሩጫዋን አይተው ብድግ አሉ፤ ፊታቸው በራ።