ባዶው ቆጠራ

«ፈጠን በይ እንጂ፤ እንግዶቹ ደረጃው ላይ ናቸው!» ይላል አለቃዋ አንገቱን በበሩ አስግጎ፤ መልስ ሳይጠብቅም ይሄዳል። ክራባት አስሮ የሚታየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ዛሬ ነው።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ጥርሷን ነክሳ ቺፑን ከፓምፑ ጋር ታገናኛለች። ቺፑ አውራ ጣት የምታህል የላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። ከሰው የተወሰዱ ህዋሳት ከመድኃኒት ጋር ተደባልቀው በዚያ ጠባብ መንገድ ሲገፉ ይቀደዳሉ፤ ቅዳጆቹም መልሰው ሲገጥሙ መድኃኒቱን በሆዳቸው የያዙ ደቃቅ ከረጢቶች ይሆናሉ። ሰውነትም የራሱ ይመስሉትና አያባርራቸውም። ሲሠራ ማለት ነው።

ሲሠራ! ቺፑ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ሆኖ ሳለ፣ አለቃው «እያጠብን እንጠቀምበታለን» ካለ ወዲህ ላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይፈረፈራል። ቆጣሪው ማሽን ደግሞ ከረጢት ይሁን ፍርፋሪ አይለይም፤ ያየውን ሁሉ ይቆጥራል። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ህዋስ የሌለበትን የጨው ውሃ ብቻ አሳልፎ መቁጠር የሙያው ወግ የሆነው፤ «ባዶው» ይሉታል። አለቃው ይህን ወግ «ጊዜ ማባከን» ብሎ ከሰረዘው ሦስት ወር አለፈው። እሷ ግን ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ተደብቃ ቆጠረችው። ባዶውና ህዋስ ያለበት ሙሉው እኩል ለእኩል ወጡ፤ ሲቆጠር የኖረው ፍርፋሪው ነበር።

ነገረችው። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ በሦስተኛው «አንቺ ፓምፑን ግፊ፤ ማሰቡን ለእኔ ተዪው» አላት። ይህ ትዝ ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ የጎበጠችው እሷ፣ አሳቢው እሱ!

ስልኳ ይጮኻል። ታላቅ እህቷ ናት።

«እህት ዓለም፣ ተሳካልን! ከሚታከሙት ልጆች ዝርዝር የመጀመሪያዋ ያንተ ልጅ ናት ብለው ለአባቷ ነገሩት። እንግዶቹ ዛሬ ከፈረሙ ሰኞ አሮጌውን መድኃኒት ታቆማለች።»

«ለምንድን ነው የምታቆመው?»

«አዲሱን ለመጀመር ነዋ! ሁለቱ አብረው አይሄዱም አሉ። ያክስቴን መድኃኒት ልወስድ ነው እያለች ቁርሷን እንኳ በቅጡ አልበላችም። እኔማ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።»

የእህቷ ልጅ ዛሬ በእግሯ የምትሄደው በዚያ በአሮጌው መድኃኒት ነው። እሱን ተነጥቃ የላስቲክ ፍርፋሪ ልትወጋ! ለእህቷ አሁኑኑ ብትነግራት አንዷን ልጅ ታድናለች፤ ከእሷ ቀጥሎ የተጻፉት አሥራ አንዱ ልጆችስ እናት የላቸውም?

«እደውልልሻለሁ» ትልና ትዘጋዋለች።

ህዋሳቱ ያሉባት ብልቃጥ አፏ በቀይ ማሸጊያ እንደታሸገ በረዶው ውስጥ ቆማለች። ታነሳታለች። ማሸጊያውን በጥፍሯ ትነካዋለች። ከዚያ መልሳ በረዶው ውስጥ ትሰካትና የፓምፑን ስሪንጅ በጨው ውሃ ብቻ ትሞላለች።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። ፈራሚዋ ሽበታሟ ሴትዮ ናት፤ መድኃኒቱ ለልጆቹ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ወረቀት በደረቷ አቅፋ ይዛለች። አለቃው እጁን እያፋተገ ያስረዳል፦ «እነሆ ህዋሶቻችን! በዚች ጠባብ በር ሲገቡ ህዋስ ናቸው፤ ሲወጡ መድኃኒት ተሸካሚ!» እንግዶቹ ይስቁለታል።

ሠራተኛዋ ቁልፉን ትጫናለች። ፓምፑ ያጓራል፤ ውሃው ይሄዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ውሃ ወቅጠው መድኃኒት ያወጣሉ። ከቺፑ የወጣውን ለቆጣሪው ትሰጠዋለች። የስክሪኑ ቁጥር ሽቅብ ይሮጣል።

«አርባ ሚሊዮን!» ይላል አለቃው። «በአንዲት ጠብታ! ከትናንቱም በለጠ እኮ!»

ያጨበጭባሉ። ሽበታሟ ሴትዮ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ትከፍታለች።

«እትዬ፣ ይቆዩኝ።» ሠራተኛዋ ከወንበሯ ትነሳለች። «አሁን ያጨበጨባችሁት ለጨው ውሃ ነው።»

«ቀልደኛ ናት» ይላል አለቃው ፈጥኖ። «መቼም እሷ ካልቀለደች አይሆንላትም።»

«ሦስቴ ነግሬዎታለሁ፤ ያኔም አልቀለድኩም! ባዶውን ቁጠሩ ስል ለራሴ ነበር? አሥራ ሁለት ልጆች ሰኞ መድኃኒታቸውን ሊያቆሙ ነው። ለምን? ለዚህ ላስቲክ እጣቢ!»

«ህዋሳቱስ?» ትላለች ሴትዮዋ፣ እስክሪብቶው በእጇ እንደተንጠለጠለ። «ስሪንጁ ውስጥ አልነበሩም?»

ሠራተኛዋ እጇን በረዶው ውስጥ ትከትና ብልቃጧን አውጥታ በወረቀቱ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ቀዩ ማሸጊያ አልተቀደደም። ከብልቃጧ ሥር የበረዶው ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያለ ፊርማው በሚያርፍበት መስመር ላይ ያርፋል።