አራስ ጥየቃ

«እንደገና እንሞክረው» አለች ልጅቱ ከስልኩ ውስጥ። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታ ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ የኤምባሲው ሰው ነኝ። እማማ፣ ምን ሊሠሩ ነው የሚሄዱት?»

«ልጅ ላዝል!»

«ኧረ እማየ! በጉብኝት ቪዛ መጥቶ ልጅ መያዝ እዚህ እንደ ሥራ ነው የሚቆጠር። እንዲህ ካልሽ ይከለክሉሻል አላልኩሽም?»

እናትየዋ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ከሱቋ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ትንገበገብ ነበር። «የልጅ ልጅን ማዘል ነው ሥራ? አራስ ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ እናት የት አገር አለች?» ባንኮኒው ላይ ለጉዞ ያወጣችው አንቀልባ ተዘርግቷል። ይችኑ ልጇን ሕፃን ሳለች ያዘለችበት ነው። ደርቆ ስለነበር ቆዳውን ትናንት በቅቤ አሽታዋለች።

ከስልኩ ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቱ ግን የኤምባሲውን ሰው መምሰሏን አልተወችም። «ልጁ ሲያለቅስ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም» አለች እናትየዋ ጥርሷን ነክሳ። «ቁጭ ብየ አየዋለሁ።»

«እናቱ ደክሟት ቢሆንስ?»

«የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ።»

 ልጅቱ «ጎሽ እማየ፣ አለፍሽ» ብላ ፊቷን ከስልኩ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሕፃኑም አላቆመም።

ስኳር ልትገዛ የመጣች ጎረቤት በሩ ላይ ቆመች። «አንቺ፣ ማንን አዝለሽ ነው?» አለቻት።

ባለሱቋ ባዶውን አንቀልባ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ እሹሩሩ እያለች ትወዛወዝ ነበር።