አስተርጓሚዋ

ማዳም ሩቅያ ከሆዳን ሰፈር መጥታ የምርመራ አልጋችን ላይ ተጋደመች። እኔ የልብ ሐኪሙ የዶክተር ኢድሪስ ነርስ ነኝ። ታናሽ እህቴ እንቁ የማዳም ቤት ሠራተኛ ነበረች። እንቁ ስትሞት ማዳም ለቅሶ እንኳ ስላልደረሰች አታውቀኝም።

አምና ማዳም እንቁን እዚሁ ያመጣቻት እኔ እረፍት በወጣሁበት ቀን ነው። ምስኪኗ አማርኛ ብቻ ነበር የምትችለው፤ ዶክተሩ ደግሞ አማርኛ አይሰማም። «ስተኛ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፤ ትራስ ደራርቤ ነው የማድረው» ብላ ተናገረች። ማዳም ይህን በፈረንሳይኛ እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው ከዶክተሩ የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው፦ «ምንም አልሆነችም፤ ስንፍና ነው።» እሱም ደረቷን ሳያዳምጥ ሸኛት። ከልቧ በሮች አንዱ ጠቦ ነበር፤ የገደላትም እሱ ነው።

ዛሬ ዶክተሩ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብሎ በፈረንሳይኛ ሲጠይቃት ማዳም አፏን ከፈተች። የማዳም አማርኛ ከወጥ ቤት ትእዛዝ አያልፍም። የወጣው ግን የእንቁ ድምፅ ነው፣ የጎጃም ቅላጼዋ ሳይቀር።

«ስተኛ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፤ ትራስ ደራርቤ ነው የማድረው።»

ማዳም ደንግጣ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ዓይኖቿ ተማጸኑኝ።

«ምን እያለች ነው?» አለኝ ዶክተሩ።

ከማዳም ዓይኖች ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። ፈረንሳይኛዬ አልተንቀጠቀጠም።

«ምንም አልሆንኩም፤ ስንፍና ነው ትላለች።»

ዶክተሩ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ማዳም አፏን እንዳፈነች ነው። ድምፁ ከደረቷ ውስጥ መጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም።»