ማለዳ በዋሻው አፍ

ዘሀራ የልጇን እግር ቅቤ ቀብታ፣ ፀሐይ ልታሞቀው ወደ ዋሻው አፍ ወጣች። የቀን ፀሐይ ሰው ማቃጠል ከጀመረች ወዲህ አገሩ ሁሉ ዋሻ ገብቷል። የማትጎዳው የማለዳ ጮራ ብቻ ናት፤ እሷም ለሹማምንት ልጆች ተመድባለች። የዘሀራ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ እግሩ እንደ ማጭድ ጎብጦ ገና አልቆመም።

በረኛው እንድሪስ መንገዱን ዘጋ። «ተመለሽ እቱ፤ ለእናንተ አልተፈቀደም።»

«ባዶ አይደል እንዴ ደጃፉ? የታሉ ልጆቹ?»

«ተኝተዋል። ሲነሱ ይመጣሉ።»

«እስኪነሱ ጮራዋ ታልፋለች! አንተ እንድሪስ፣ ይህን ዋሻ ማን አገኘው? አባቴ ይመር አይደል፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በደረቱ እየተሳበ? ሹሞችህ ያኔ የት ነበሩ?»

«ስሙን ደጃፉ ላይ ቀርጸንለት የለም? ምን ቀረው?»

«ስም አጥንት ይሆናል?»

«ቀስ በይ፣ ትቀሰቅሻቸዋለሽ።»

ዘሀራ በትከሻው አሻግራ አየች። ጮራዋ ማንም በሌለበት ደጃፍ ገብታ፣ በድንጋዩ ላይ የአባቷን ስም ፊደል በፊደል ታሞቃለች። በልጁ እግር ላይ ግን ቅቤው እንደረጋ ነበር።