በሁለት ማግኔት መሀል

ማግኔቱ አፈሩን ሳይነካ ሚስማሮቹ እየዘለሉ ተለጠፉበት። ቁራሌው በጓንቱ አንድ እፍኝ ዝገት ጠርጎ ባልዲው ውስጥ ጣለና ገመዱን እንደገና ጎተተ። ከፈረሰው የእናቱ ማድ ቤት ጣሪያ የረገፈ ሚስማር፣ ማጠፊያና የቆርቆሮ ቅዳጅ መሬቱን ሞልቶታል። እሱ ተለቅሞ ካላለቀ የተከራየው የብረት መፈለጊያ ማሽን በየስንዝሩ እየጮኸ ጆሮ ከማደንቆር በቀር የሚፈይደው የለም። ወርቅን ግን ማግኔት አያነሳውም። ብረቱ ሁሉ ከወጣ በኋላ ማሽኑን የሚያስጮኸው የሟች እናቱ የጠፋው የወርቅ አምባር ይሆናል።

«አምባሩ በጠፋ ሰሞን እማዬ የማድ ቤቱን ወለል ስትቆፍር አይቻለሁ» ያለችው ታናሽ እህቱ ናት፤ ያለችውም ባለፈው ሳምንት ነው። ያኔ ሕፃን ስለነበረች የጠየቃት የለም። አምባሩ ከጠፋ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቁራሌው ዘመድ ቤት በገባ ቁጥር ከወንበር ላይ ቦርሳ ሲነሳ ያየውም ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ነገ ዶዘር መጥቶ ግቢውን ይደለድለዋል። ዛሬ ካልተገኘ ሌባ እንደተባለ መሞቱ ነው።

ሁለተኛውን ማግኔት የሚጎትተው ታላቅ ወንድሙ ሹፌሩ ነበር። ጠዋት ቁራሌው ለምኖታል።

«ወንድም ጋሼ፣ አደራህን አምስት እርምጃ ያህል ራቀኝ። እነዚህ ከተያያዙ የሰው ጉልበት አያላቅቃቸውም። በእንጨት ሽብልቅ ወደ ጎን እየመታህ ነው የምታንሸራትታቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁትን ሰውዬ ብረት ልታስተምረኝ ነው?» አለ ሹፌሩ፤ ጓንቱንም አልፈልግም ብሎ ወረወረለት።

እኩለ ቀን ላይ ሹፌሩ ወገቡን ይዞ ቆመ። በዝገት የተሞሉትን ሦስት ባልዲዎች ተራ በተራ አያቸውና ሳቀ።

«አሁን ገባኝ! በእማዬ አምባር አሳብበህ ቅራቅንቦህን ልታስለቅመኝ ነው የጠራኸኝ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ!»

«ወንድም ጋሼ፣ ተው።»

«ሸጠህ የበላኸውን ከመሬት ልታወጣው ነው እንዴ?» አለና ባልዲዎቹን በእግሩ አከታትሎ ገለበጣቸው። የግማሽ ቀን ሚስማር በጸዳው መሬት ላይ ተዘራ።

የቁራሌው ደም ፈላ። ማግኔቱን እንዳንጠለጠለ በነጻ እጁ የወንድሙን አፍ በቡጢ መታው። ሹፌሩ ተንገዳገደና ደምና ጥርስ አንድ ላይ ተፋ። ከዚያ የራሱን ማግኔት በሁለት እጁ እንደ ድንጋይ አንስቶ የወንድሙን አናት ሊፈጠርቅ መጣ።

ቁራሌው ያሰበው ራሱን መከለል ብቻ ነበር። የያዘውን ማግኔት ከጀርባው ባለው እጀታ ወደ ላይ ቀና አደረገው። ማግኔቶቹ ከሰዎቹ ፈጥነው ተገናኙ። በመሀላቸው የሹፌሩ ቀኝ እጅ ነበር፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ፤ ተለጥፈው የነበሩት ሚስማሮችም ሥጋው ውስጥ ገቡ። ሹፌሩ በጉልበቱ ወድቆ ጮኸ፤ ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር።

ቁራሌው ወደ ቦርሳው ሮጦ ሽብልቁንና የእንጨት መዶሻውን አመጣ። ሽብልቁን በማግኔቶቹ ጠርዝ ላይ ደገነ፤ መዶሻውን አነሳ፤ ግን አልመታም።

«ምን ትጠብቃለህ? ምታው እንጂ!»

«ማን ወሰደው?»

«በእማዬ ይዤሃለሁ!»

«ማን ወሰደው አልኩህ!» ጋሼ የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቷል። ጉልበቱን ማግኔቱ ላይ አሳርፎ ተጫነው። ከሥር ደም ወጣ።

«አንተ አይደለህም! አንተ አልወሰድክም!»

«ማን ነዋ?»

«እኔ! እኔ ነኝ፣ ሸጥኩት! ልቀቀኝ!»

ቁራሌው ሦስት ጊዜ መታ። ማግኔቶቹ ተንሸራትተው ተላቀቁ። ከመሀል የወጣው እጅ ሁለቱ ጣቶቹ ተጠፍጥፈው ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘውን ቃል ሰማ። ልቤ ያርፋል ብሎ ነበር፤ አላረፈም። ይህን ጩኸት ያውቀዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ እዚሁ ማድ ቤት ከምሰሶ ታስሮ፣ ይኸው ወንድሙ በመኪና ቺንጋ ሲገርፈው፣ እሱም «እኔ ነኝ፣ ሸጥኩት» ብሎ ጮኾ ነበር። ቤተሰቡም ያንን ቃል ይዞ ቀረ።

«እውነትህን ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ እንጃ… እንድትለቀኝ ነው። እናቴን ገደልኩ በል ብትለኝም እል ነበር።» ሹፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ይንዘፈዘፋል። ድንገት መንዘፍዘፉን ገታና የታናሹን ፊት ትክ ብሎ አየው። ከንፈሩ ላይ ያለው ደም አቧራ ለብሷል።

«አንተስ? ያኔ… እውነትህን ነበር?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቁራሌው መዶሻውን ለቀቀው።

«አልነበረም» አለ፤ እንባው ቀደመው።

ሸሚዙን አውልቆ በረጅሙ ቀደደውና አጠገቡ ተንበረከከ። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ የተጨፈለቀ እጁን ዘረጋለት።