ጫቱ ሳይገባ

"አፍህን ክፈት!" እለዋለሁ።

ጸሐዬ ጥርሱን እንደገጠመ ራሱን ይነቀንቃል። ጉልበቴን ደረቱ ላይ ተክዬ ከሱቄ ወለል ጋር አጣብቄዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ትከሻው ግን በር ይሞላል። ሲወራጭ የስፌት መኪናዬ ከነጠረጴዛው ይገለበጣል። ይገልበጥ!

ነገሩን ያመጣችው ኻሊዳ ናት፤ ሱቄ በር ላይ ጫት የምትሸጠዋ። ቅድም ገብታ አየችውና ሳቀች። "አንተ፣ ጉንጭህን የሞላኸው ከየት አምጥተህ ነው? የዛሬው እኮ ገና አልገባም!"

እውነቷን ነው። የሰፈራችን የካርቲየ 7 ቢስ ሰው ሁሉ የጫቱን መኪና የሚጠብቀው ቀትር ላይ ነው፤ አሁን ገና ረፋድ ነው። እኔ ቂሏ ሰሞኑን ያንን ጉንጭ እያየሁ ጫት ነው እል ነበር። ሲንተባተብም ጫት፣ ምግብ አልፈልግም ሲልም ጫት። ለካ እብጠት ኖሯል! ጉንጩን ልነካው ስል ገፍትሮኝ ሊወጣ ተነሳ። እግሩን ጠልፌ ጣልኩት።

ሐኪሙ ነግሮት ነበር እኮ! "ድድህ ካልዳነ ስኳርህም አይወርድልህም" ብሎ የጥርስ ማጽጃ ክር ሰጠው። ይኼ ግን ተጠቀምበት ባልኩት ቁጥር "እታለም፣ ጨርቁ አልበቃ ብሎሽ ጥርሴን ልትሰፊው ነው?" እያለ ሲቀልድ ከረመ። ድዱ ሲደማ ጊዜ ጭራሽ መፋቂያውንም ተወው። አባታችንን የበላብን ስኳር ነው። እግሩን ቆርጠውት እንኳ አልተረፈም።

"አንተንም ልቅበርህ? ክፈት አልኩህ!"

በክርኑ አፌን ይለኛል። ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ደሜ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። አሁንስ አብዳለሁ። ያበጠው ጉንጩ ላይ በጥፊ አጮለዋለሁ፣ እደግመዋለሁ። ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። በጥርሱ መሃል መግልና ደም ይወርዳል፤ ሽታው አያድርስ ነው።

"ወላሂ ትገድይዋለሽ! ተይው!" ኻሊዳ ወገቤን ይዛ ትጎትተኛለች።

"ራሱን የሚገድለው እሱ ነው! እልኸኛ!" መንጋጋውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ወደ ታች እስበዋለሁ። አንገቱ እንደ እሳት ይፋጃል።

ጸሐዬ መታገሉን ያቆማል። እጆቼን ቀስ ብሎ ከፊቱ ያነሳቸዋል። ከዚያ አገጩን በራሱ እጆች ይይዝና ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትተዋል። እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል። መንጋጋው ንቅንቅ አይልም።

"እታለም" ይለኛል ከተገጠመው ጥርሱ ጀርባ፣ "እምቢ አላልኩሽም። እምቢ ያለኝ እሱ ነው።"

ኻሊዳ "ታክሲ! ታክሲ!" እያለች ወደ መንገዱ ትሮጣለች። እኔ ከደረቱ ላይ መውረድ እንኳ ረስቻለሁ። ጸሐዬ ሊያሳየኝ ብሎ ጥፍሩን በጥርሶቹ መሃል ለማስገባት ይሞክራል። ጥፍሩ አይገባም።